ውሃ ያልጠገበው ወለል

እግሬ ዘንድሮም ቁጭ በል ሲሉት እምቢ ይላል። ልጆቼ ማንጎው ሥር ወንበር አውጥተውልኛል፤ ጥላው ጥሩ ነው፤ ወደ ማታ ከወንዙ በኩል ነፋስ ይመጣል። እኔ ግን አሥር ደቂቃ ሳልቆይ ተነስቼ ከዘራዬን ይዤ እወጣለሁ። የምሄድበት ኖሮኝ አይደለም። ሰው ቤት ስገባ ደግሞ ሳላስበው ወለሉን በከዘራዬ ጫፍ ቆርቆር አደርገዋለሁ። የሲሚንቶ ሊሾ ከሥሩ ከተላቀቀ ድምፁ ይለወጣል፤ ደህናው ድም ሲል የተላቀቀው ባዶ ቅል እንደመቱት ይጮኻል። አንዲት ጎረቤቴ "ጋሽ ሰይድ፣ ሻዩ ሳይቀርብልዎ ቤቴን መርምረው ጨረሱት" ብላ ስቃብኛለች። ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩት በሰው ወለል ላይ በጉልበቴ ተንበርክኬ ነውና አልፈርድባትም።

አኳይ ያስቆመችኝ ባለፈው በጋ መጨረሻ፣ ሙቀቱ ሰውን ከቤት በሚያስወጣበት ሰሞን ነው። ባሮ ድልድይ አጠገብ አሣ በሚጠበስበት ተራ እያለፍኩ ነበር። ዘይቱ ይንጫጫል፤ ባጃጆቹ ጥሩምባቸውን ይነፋሉ፤ የእርዳታ ድርጅቶች ነጫጭ መኪኖች አቧራ እያስነሱ ወደ ጀዊ የስደተኞች ካምፕ ይሄዳሉ። ጃንጥላ የያዘች ረጅም ሴትዮ መንገዴ ላይ ቆመች፤ አኳይ ነበረች። ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። ጋምቤላ ትንሽ ከተማ ናት፤ በአንድ ከተማ እየኖርን ይህን ሁሉ ዓመት ሳንነጋገር መቆየታችን ለሰው ግራ ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግራ አልነበረም። እሷን በሩቅ ሳይ መንገድ የምቀይረው እኔ ነበርኩ።

"ሰይድ፣ ዛሬ አታመልጠኝም" አለች እየሳቀች። "የጸሎት ቤታችን አዳራሽ ላይ ወጣቶቹ ሴራሚክ እናንጥፍ ይላሉ። እኔ አሁን የኮሚቴው ሰብሳቢ ነኝ። ሥሩ ያለው ሊሾ ሴራሚክ ይሸከማል ወይስ አይሸከምም? እሱን እይልኝ።"

"ልጄን ልላክልሽ። ሥራውን አሁን የያዘው እሱ ነው።"

"ልጅህን አይደለም። የሠራኸው አንተ ነህ። ማክሰኞ ጠዋት እጠብቅሃለሁ።"

ያን ቀን ቤት መግባት አቃተኝ። በወንዙ ዳር ወደ ላይ ሄጄ ተመለስኩ፤ ደግሞ ሄድኩ። የድሮው ወደብ የነበረበት ቦታ ልጆች ይዋኛሉ፤ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። እኔ ወደዚህ አገር ስመጣ መርከቦቹ ቀርተው ነበር፤ ግን ከሱዳን ጭስ እያጨሱ ሲገቡ ያዩ ሽማግሌዎች ገና በሕይወት ነበሩና ወሬያቸው አያልቅም ነበር።

የመጣሁት ከወሎ ነው፣ አጎቴን ተከትዬ። አጎቴ ገበያው ዳር ሱቅ ነበረው፤ ጨው፣ ሳሙና፣ ጋዝ፣ ዶቃ፣ አቡጀዲ ይሸጣል። ባንኮኒ ጀርባ ቁጭ ብሎ መዋል ለእኔ እስር ቤት ሆነብኝ። ያን ጊዜ አንድ ብርጭቆ ሻይ በአሥር ሳንቲም ይጠጣል። ከሱቁ ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት የሱዳን ዘፈን በካሴት ቀኑን ሙሉ ያሰማል፤ ቃሉን ባናውቀውም ሁላችንም እናንጎራጉረው ነበር። ጎረምሳው ሁሉ ቤልቦተም ሱሪና ቀጭን የቴትረን ሸሚዝ ይለብሳል፤ ቴትረኑ በጋምቤላ ሙቀት ጀርባ ላይ ተጣብቆ እንደ ሁለተኛ ቆዳ ይሆናል። የኮንጎ ጫማ ያደረገ ሰው እኩለ ቀን ላይ መንገድ ለመሻገር ይሮጣል፣ ፕላስቲኩ እንዳይለሰልስበት። ዛሬ ያ ሻይ ቤት የሞባይል መሸጫ ሆኗል፤ ባለፍኩ ቁጥር ግን ያው ዜማ ጆሮዬ ላይ ይመጣል። ስለ መንግሥቱ፣ ስለ ስብሰባው፣ ስለ መፈክሩ ብዙ ነገር ነበር፤ እሱን ሌላ ሰው ያስታውሰው። እኔ የማስታውሰው ጠረኑን ነው፦ እርጥብ ሲሚንቶ፣ የደረቀ አሣና የጋዝ ፋኖስ።

ከሱቁ ያስመለጡኝ ከደምቢዶሎ የወረዱ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ናቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሊሾ መጣል አስተማሩኝ፤ ስታጃ የምንለውን ረጅሙን ማስተካከያ እንጨት መጎተት፣ ማለስለሻውን ፍራታሶ ሳይከብድ ሳይቀል ማዞር። እሳቸው ወደ አገራቸው ሲመለሱ በከተማው ከእኔ በቀር ሊሾ የሚያውቅ የለም ተባለ። "ሊሾው ሰይድ" የሚለው ስም የወጣልኝ ያኔ ነው። አንድ ነገር ደጋግመው ነግረውኝ ነበር፦ "ሲሚንቶ የሚጠነክረው ስለደረቀ አይደለም፤ ውሃ ስለጠጣ ነው። ጥለኸው አትሂድ። ሰባት ቀን አጠጣው።" እኔ ደግሞ ሰባት ቀን ይቅርና ሰባት ሰዓት አንድ ቦታ መቆየት የማልችል ሰው ነበርኩ።

የሥራ ጓደኛዬ ኦኬሎ ይባላል። የአኙዋክ ልጅ ነው፤ ዕድሜያችን እኩል ነበር። አሸዋ ያመጣልኝ፣ ሲሚንቶውን ያቦካልኝ ነበር። ሌላው ሰው አሸዋ የሚዝቀው ልብስ ከሚታጠብበት ዳርቻ ነው፤ ቅርብ ስለሆነ። ኦኬሎ ግን ታንኳውን እየቀዘፈ ወንዙን ሽቅብ ይሄዳል፤ ውሃው ሲጎድል ብቅ ከሚለው ነጭ ደለል ላይ ያመጣል። በመዳፉ አሽቶ እጁ ላይ ጭቃ መቅረት አለመቅረቱን ያያል። አንዳንዴ አፉ ውስጥ ጨምሮ ይነክሰው ነበር። "ይሄ ይናገራል" ይለኛል፤ ጥርሱ ላይ ሲንኮሻኮሽ ንጹሕ ነው ማለቱ ነው።

የጸሎት ቤቱን አዳራሽ ሊሾ ስንይዝ ኦኬሎ ከሁሉ በላይ ደስ ያለው ለሌላ ምክንያት ነበር። የአሠሪ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሽማግሌ ኡጁሉ የአኳይ አባት ናቸው። አኳይን ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች፤ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሥራው ካማረ ሽማግሌውን ሊጠይቅ አስቦ ነበር። አኳይ በዚያ ሰሞን ቢጫ ቀሚስ ነበራት። በየቀኑ ለሠራተኛው ውሃ በቅል ታመጣለች፤ ለኦኬሎ ስትሰጠው ግን ቅሉን ቶሎ አትቀበለውም ነበር።

ሊሾውን በአራት ቀን ጣልነው። አማረ። በአምስተኛው ቀን የኦኬሎ እናት አቦቦ ላይ ታማለች የሚል መልእክት መጣ። ሊሄድ ሲል በሩ ላይ ቆሞ "ውሃውን አንተ" አለኝ፤ ሰባት ጣቱንም አሳየኝ። "ሂድ፣ አታስብ" አልኩት።

ሁለት ቀን አጠጣሁ። ከጉድጓዱ በባልዲ እየቀዳሁ፣ ጆንያ እያራስኩ፣ ጠዋትና ማታ። በሦስተኛው ቀን አንድ የማውቀው የጭነት መኪና ሾፌር ወደ መቱ ሊወጣ ሲል አገኘኝ። "ና እንጂ፣ ሰርግ አለ፤ ብርድ አታይም?" አለኝ። ብርድ! ወሩ መጋቢት ነበር፤ ቆርቆሮው እስኪሰነጠቅ የሚግልበት ወር። አንድ ቀን አድሬ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ። አምስት ቀን ቆየሁ። በሰርጉ ጨፈርኩ፤ መቱ አጠገብ ባለችው በጎሬ ጭጋግ ውስጥ ሸሚዜን ከፍቼ ሄድኩ፤ ደስ አለኝ። ስመለስ የአዳራሹ መስኮቶች እንደተከፈቱ ነበሩ፤ ነፋሱ ከወዲህ ገብቶ ከወዲያ ይወጣል። ሊሾው አመድ መስሎ ነጥቷል። በአንዴ አሥር ባልዲ ውሃ ደፋሁበት። ውሃው ሰርጎ ሲያልቅ እንደ ፍም ሽሽ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ኦኬሎ በማግስቱ ተመለሰ። ወለሉን አየ፤ እኔን አየ፤ ምንም አላለም።

አዳራሹ ተመረቀ። ክረምቱ ሳይወጣ ሊሾው መነሳት ጀመረ። ሴቶቹ ተንበርክከው ጸልየው ሲነሱ ቀሚሳቸው በነጭ ዱቄት ተበክሎ ይታያል። ከዚያ ማዕዘኖቹ ወደ ላይ ተጠቀለሉ፤ እንደ ደረቀ ቅጠል። አንዲት አሮጊት በተነሳው ጠርዝ ተደናቅፈው ክንዳቸው ተሰበረ። ያኔ ኮሚቴው ሁለታችንንም ጠራን።

ሽማግሌ ኡጁሉ አዳራሹ መሃል ቆመው "ሰይድ፣ ባለሙያው አንተ ነህ። ምን ሆኖ ነው?" አሉኝ።

ከማዕዘኑ አንድ ቁራጭ አንስቼ ገለበጥኩት። ውስጡ ጠንካራ፣ ጥርት ያለ አሸዋ ነው። ላዩ ብቻ ዱቄት ሆኗል። ሳይጠጣ በነፋስ የደረቀ ሲሚንቶ እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ላዩ ይሞታል፣ ጠርዙ ይሸሻል፣ መሃሉ ይቀራል። ወዲያው ገባኝ። ያ ቁራጭ እጄ ላይ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ አላውቅም። ስሜ፣ ገና የተቀበልኩት የትምህርት ቤት ሥራ፣ የአጎቴ "አላልኩህም" የሚል ፊት፣ ሁሉም በአንዴ መጣብኝ።

"አሸዋው ነው" አልኩ። "ጭቃ ነበረበት።"

ኦኬሎ በአኙዋክኛ መናገር ጀመረ። ቋንቋው አልገባኝም፤ ግን እጁ ወደ እኔ፣ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ጉድጓዱ ያመለክት ነበር። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። "ውሃ አልጠጣም ነው የሚለው። አጠጥተሃል?"

"ሰባት ቀን። ወላሂ" አልኩ።

ኦኬሎ በዚያው ወር ከከተማው ወጣ። የእግዚአብሔርን ቤት በሰነፍ አሸዋ የሠራ ሰው ልጄን አያገባም አሉ አባትየው። ፑኝዶ ሄደ ተባለ። አኳይ ከጥቂት ዓመት በኋላ አንድ መምህር አገባች፤ ወለደች፤ ባሏ ሞተ፤ ይህን ሁሉ የሰማሁት ከሰው ነው። የተነሱትን ማዕዘኖች እኔው በላያቸው ሲሚንቶ ለቅልቄ ሸፈንኳቸው፤ ጥገና አይባልም። በኋላ ፕላስቲክ ምንጣፍ ተደረገበት። ከዚያ ወዲህ ስንት ሊሾ እንደጣልኩ አላህ ያውቃል፤ አንዱንም ሰባት ቀን ሳላጠጣ አልሄድኩም። "ወላሂ" የሚለው ቃልም ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት ሄድኩ። መዶሻ፣ መሮና ጠመኔ ይዤ። አኳይ ብቻዋን ነበረች። ወጣቶቹ ፕላስቲኩን ገፈው አውጥተውታል። መዶሻውን ይዤ ከበሩ ጀምሬ እየቆረቆርኩ ሄድኩ፤ ባዶ በጮኸበት ሁሉ በጠመኔ ከበብኩ። መሃሉ ደህና ነው። አራቱም ማዕዘን፣ በመስኮቶቹም በኩል ያለው ጎን በሙሉ ተላቅቋል። እሷ ከኋላ ከኋላዬ እየተከተለች ታያለች። ጉልበቴ ቢያመኝም ተንበረከክሁ፤ አንዱን ቁራጭ በመሮ አነሳሁት።

"ሴራሚክ አይሸከምም" አልኳት። "የተላቀቀውን በአራት ማዕዘን ቆርጦ ማውጣት፣ ሥሩን አዲሱን እንዲይዝ በመሮ ማቁሰል፣ ማጠብ፣ አርሶ ማሳደር ነው። ከዚያ ሲሚንቶ በጥብጦ በብሩሽ መቀባትና ውሃው ባልበዛ የአሸዋና የሲሚንቶ ቡኮ መሙላት። መሃሉ ይቅር፤ ጤነኛ ነው።"

"መሃሉ ለምን ጤነኛ ሆነ?"

"ነፋስ ያልመታው ስለሆነ።"

ራሴን እንዳጋለጥኩ ወዲያው ገባኝ። እሷ ቁራጩን ከእጄ ወሰደችና በጥፍሯ ፋቀችው። በሩ አጠገብ ውሃ የያዘ ባልዲ ነበር፤ እሱ ውስጥ ነክራ አወጣችው።

"አሸዋው ግን አንድ ነው አይደል? የመሃሉም የዳሩም?"

"አንድ ነው።"

"ጭቃ ያለበት አሸዋ ምን ይመስላል?"

መልስ ከመስጠት በቀር ምን አማራጭ ነበረኝ? "ቡናማ ይሆናል። ሁለመናው ይፈረፈራል፤ ላዩም፣ ውስጡም።"

ቁራጩን ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደች፤ በብርሃን ገለባበጠችው።  እኔ ከወለሉ መነሳት ፈልጌ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ሕይወቴን ሙሉ ስሮጥ ኖሬ ያን ዕለት ተንበርክኬ ቀረሁ።

"ይሄ ንጹሕ ነው ሰይድ" አለች።

"ንጹሕ ነው። አሸዋው ንጹሕ ነበር። ያላጠጣሁት እኔ ነኝ። መቱ ሰርግ ሄጄ ነበር። ያኔም አውቀው ነበር።"

ትጮኻለች፣ ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ቁራጩን መስኮቱ ላይ አስቀመጠች፤ መጥታ ክንዴን ይዛ አነሳችኝ። "ኦኬሎ ፑኝዶ አለ" አለች። "በሕይወት አለ። ለእሱ ንገረው።"

ልጄ ሲሰማ ተቆጣ። "አባባ፣ በአንተ ስም ነው ሥራ የምወስደው። ያረጀ ነገር ቆፍረህ ምን ልታተርፍ?" አለኝ። ልክ ሊሆን ይችላል። በነጋታው ሚኒባስ ያዝኩ።

ፑኝዶን ከዚያ በፊት አላየሁትም ነበር። ከስደተኞች ካምፑ ወዲህ ያለው መንገድ በሱቅ ተሞልቷል፤ የስልክ ካርድ፣ ጫማ፣ ብስኩት፣ አሣ። ኦኬሎን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ "ወለል ሠሪው ኦኬሎ" ስል ሁሉም ያውቀዋል። ለክሊኒኩ፣ ለትምህርት ቤቱ፣ ለመጋዘኑ ሊሾ ሲጥል የኖረ እሱ ነው። ያገኘሁት አንድ ክፍል ውስጥ እርጥብ ጆንያ ሲያለብስ ነው። ጎብጧል፤ እጁ ግን ያው ትልቅ እጅ ነው። አየኝ፤ ጆንያውን አስተካክሎ ጨረሰ፤ ከዚያ ወጣ።

ጥላ ሥር ተቀመጥን። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሰርጉን፣ መስኮቱን፣ አሥሩን ባልዲ፣ ወላሂውን። እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ ነው የነገርኩት። እሱ አልተንቀሳቀሰም።

"አውቃለሁ" አለ ስጨርስ። አማርኛው ከእኔ ልጆች አማርኛ ይልቅ የጠራ ሆኗል። "እኔም ቁራጩን ገልብጬ አይቼዋለሁ። ለሽማግሌው ነገርኳቸው። 'ሰይድ ባለሙያ ነው፣ አንተ አሸዋ አመላላሽ ነህ' አሉኝ። እሳቸው ላይ አልፈረድኩም። ከዚያ አኳይ አጥር ጋ ሄድኩ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። እንድትሰማኝ ብቻ ነበር። ውስጥ ነበረች፤ ድምፅዋን ሰምቻለሁ። አልወጣችም።"

"ይቅር በለኝ።"

ኦኬሎ እጁ ላይ የደረቀውን ሲሚንቶ ፈቀፈቀ። "እናቴ ያን ሳምንት ሞተች" አለ። "ቀብሬያት መጣሁ፣ አዳራሹን ሳይ ነጭ ሆኗል። ለቅሶ ላይ ነኝና ዛሬ አልጣላም ብዬ ዝም አልኩ። የእኔ ጥፋት እሱ ነው፤ ያን ቀን መናገር ነበረብኝ።" ቀና አለ። "ለእኔ ነገርከኝ፤ ጥሩ። እኔ ግን ዱሮም አውቅ ነበር። የማያውቁት እነሱ ናቸው። አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ከተማ ናት፤ እዚያው ጸሎት ቤት ነው የምትጸልየው። አሁንም 'የአሸዋው ሰውዬ ልጅ' ይሏታል። እዚያ ተናገር፤ ወለሉ ከመዘጋቱ በፊት።"

እሁድ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የተላቀቀው ወጥቶ በዳርና በዳር ቀይ አፈርና ድንጋይ ይታያል፤ አግዳሚ ወንበሮቹ መሃል ላይ ተጨናንቀው ሰው ትከሻ ለትከሻ ተቀምጧል። ከበሮ ነበር፣ መዝሙር ነበር። ቆቤን አድርጌ በር አጠገብ ቆምኩ፤ ብዙዎቹ የአገር ሽማግሌ ሆኖ ሊጠይቀን መጥቷል ብለው ሳይገምቱ አልቀሩም። የድሮዎቹ የኮሚቴ ሰዎች በሙሉ ሞተዋል። መዝሙሩ ሲያልቅ አኳይ ጠራችኝ። ከፊት ቆምኩ፤ እሷ አጠገቤ ሆነች፣ ወደ አኙዋክኛ ልትመልስልኝ።

ያልኩት አጭር ነው። ይህን ወለል ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ የኦኬሎ አሸዋ ንጹሕ ነበር፤ በአላህ ስም በሐሰት ምዬ እሱን አሰደድኩ። ከዚያ በላይ ቃል አልወጣኝም።

አኳይ መናገር ጀመረች። እኔ በሦስት ትንፋሽ የጨረስኩትን እሷ ቀጠለች፣ ቀጠለች። የኦኬሎን ስም ሰማሁ፣ የእኔን ሰማሁ፣ የአባቷንም ሰማሁ። ቀና ብዬ ሳይ ሰዉ እኔን ማየት ትቷል፤ የሚያየው እሷን ነው። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት መካከለኛ ዕድሜ ያላት ሴት በሁለት እጇ አፏን ይዛ ነበር፤ የኦኬሎ ልጅ መሆኗን በእጇ ትልቅነት አወቅኋት። ማታ ስልክ ተደወለልኝ። ኦኬሎ ነው። "ሰማሁ" አለና ዘጋው። እንዲመጣ ሦስት ሰው ልከንበታል፤ እስካሁን አልመጣም። ልጄ ሁለት ሥራ ቀረበት፤ ለሦስት ሳምንት አላናገረኝም።

ወለሉን ግን ሞላነው፤ አሸዋውን የኦኬሎ ልጅ ባል በጀልባ ከላይኛው ደለል አምጥቶልን። ጆንያውን እያራስን አኳይን የከነከነኝን ጠየቅኋት።

"እኔ ያልኩት ትንሽ ነበር። ይህን ያህል ረጅም ጊዜ ምን ስትያቸው ነው የቆየሽው?"

ባልዲውን አስቀምጣ ወገቧን ያዘች። 

"የአንተን ቶሎ ጨረስኩት" አለች። "ከዚያ የራሴን ጨመርኩበት፤ ያልወጣሁበትን ሦስት ቀን።"